ባቡር በሌለበት ከተማ የኖሩት የጣቢያ ሹም

ጡረታ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መሥሪያ ቤቱን እዚያው ትቶት ይወጣል። ሁለተኛው ተሸክሞት ይወጣል። ይህን ሁለተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የአንዳችሁ አጎት፣ የሌላችሁ ጎረቤት፣ የአንዳንዶቻችሁ ደግሞ፣ እግዜር ያጽናችሁ፣ አማት ነው። ወታደር ከነበረ የልጅ ልጆቹን ቁርስ ሳይበሉ ያሰልፋል። አስተማሪ ከነበረ የሠርግ መጥሪያ ሲደርሰው የፊደል ግድፈቱን በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ለሙሽራው ይመልሳል። ዳኛ ከነበረ ወጡ ጨው በዝቶበታል ሲሉት ምስክር አቅርቡ ይላል። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚብሱ አንድ ሰው አውቃለሁ። የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ። የኖሩት ደግሞ ባቡር በሌለበት ከተማ ነው።

ክቡር የጣቢያ ሹም ጋሽ በኃይሉ ወደ ከተማችን የመጡት በ1974 ዓ.ም. ነው። ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ሐይቅ ነበራት፣ ዓሣ ነበራት፣ ብስክሌትና የፈረስ ጋሪ ሲጋፉበት የሚውል ሰፊ ጎዳና ነበራት። ሐዲድ የሚባል ነገር ለማየት ግን ሞጆ ድረስ መሄድ ነበረባችሁ። ጋሽ በኃይሉ ሚስታቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት ካረፉ በኋላ ብቻቸውን መኖር ቢከብዳቸው፣ አዋሳ ተመድባ በነርስነት ትሠራ የነበረችው አንድ ልጃቸው እህተማርያም «ና፣ ከእኔ ጋር ኑር» ብላ አመጣቻቸው። ቤቷ ከባህል አዳራሹ ጀርባ ነበር። የመጡበት አውቶቡስ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ዘግይቶ ገባ። እህተማርያም እንደነገረችኝ ከሆነ አባቷ ሲወርዱ መጀመሪያ እሷን አልሳሙም። መጀመሪያ ሰዓታቸውን አዩ፤ ቀጥለው ሾፌሩን የዘገየበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያቀርብ ጠየቁት፤ እሷን የሳሙት ሾፌሩ ጥሎ ከሄደ በኋላ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት ጨፌ በምትባል ጣቢያ ነው። ጨፌ ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ፣ ከተማ ልሁን ገጠር ልሁን እያለች ስታመነታ የኖረች ቦታ ላይ ነበረች። አንድ ክፍል ቢሮ፣ አንድ ክፍል የመንገደኛ መጠበቂያ፣ አንድ የብረት ውኃ ማጠራቀሚያ፤ በቃ። ጠዋት የወተትና የሣር ሻጮችን፣ የፋብሪካ ሠራተኞችን አሳፍራ ወደ ከተማ ትልካለች፤ አመሻሽ ላይ ትቀበላለች። እሳቸው ጡረታ በወጡ በዓመቱ ባቡሩ እዚያ መቆም ተወ። «ተወ» የምለው እኔ ነኝ። እሳቸው «ለጊዜው አይቆምም» ነበር የሚሉት።

በአፋቸው ላይ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ጨፌ ቢሆን ኖሮ!» ዝናብ ሲዘንብ ጨፌ ቢሆን ኖሮ! ዳቦው ሲያንስ ጨፌ ቢሆን ኖሮ! አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር ወስደናቸው ፀሐይ ስትገባ አሳየናቸው። ሰማዩ ቀልቷል፣ ውኃው ወርቅ መስሏል፣ እኛ ትንፋሻችንን ይዘናል። እሳቸው ሰዓታቸውን አይተው «ጨፌ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ገብታ ነበር» አሉ።

በመጡ በሳምንቱ የሰፈሩን ሰዓት ተረከቡ። የሰፈሩ ሰዓት ማለት የባለሱቁ የጠሀ የግድግዳ ሰዓት ነው። ጠሀ ስልጤ ነው፤ ትዕግሥቱ ከዕቃው ይበዛል። ጋሽ በኃይሉ በየማለዳው ገብተው፣ በርጩማ ላይ ወጥተው፣ ሰዓቱን በኪስ ሰዓታቸው ያስተካክላሉ። ሸማች ቆሞ ይጠብቃል። «ጋሽ በኃይሉ፣ ትናንት እኮ አስተካክለውታል» ቢላቸው ጠሀ፣ «ትናንት ትናንት ነው፤ ሰዓት የሚያስፈልገው ለዛሬ ነው» አሉት። ጠሀ ከዚያ ወዲህ በርጩማውን ከሰዓቱ ሥር አላነሳም።

ቀጥለው ወደ ጋሪዎቹ ዞሩ። ከገበያው ዳር ወደ ቱላ የሚሄዱ ጋሪዎች የሚነሱት ሲሞሉ ነው፤ ይህን ፈረሱም ያውቃል። ጋሽ በኃይሉ ፊሽካቸውን አንጠልጥለው ሄደው «ይሄኛው ጋሪ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ይነሳል» ብለው አወጁ።

«ጋሼ፣ ፈረሱ ሰዓት የለውም» አላቸው ባለጋሪው።

«ባቡሩም የለውም» አሉ። «ሰዓት ያለው ሹሙ ነው።»

ባለጋሪው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በሲዳምኛ አንድ ነገር ሲናገር ተራው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ በኃይሉ ሲዳምኛ ስለማይሰሙ ምስጋና መስሏቸው ባርኔጣቸውን አነሱ። የሚገርመው ግን በሦስተኛው ሳምንት ሽንኩርት ነጋዴዋ ወይዘሮ ገበያነሽ እየሮጠች መጥታ «የሦስት ሰዓት ከሩቡ ሄደ እንዴ?» ስትል በጆሮዬ መስማቴ ነው። ቆሞ የሚጠብቃትን ሌላ ጋሪ አልሳፈርም ብላ ቀኑን ሙሉ ጋሽ በኃይሉን ስትረግም ዋለች።

በእድራችን ቀብር ላይ የሆነውን ባልናገር ይሻል ነበር፤ ግን እናገራለሁ። ቀብሩ በስድስት ሰዓት ተብሎ ስድስት ከሃያ ሦስት ላይ ተነሳን። መቃብሩ ጋ እንደደረስን ጋሽ በኃይሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር ጩኸት ላይ ሲናገር የኖረ ሰው ሹክሹክታው የሌላ ሰው ጩኸት ነው። «ሟች በሰዓታቸው ሄደዋል። ሃያ ሦስት ደቂቃ የዘገየነው እኛ ነን» አሉ። ሐዘንተኛዋ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ስትጭን ለልቅሶ ይሁን ለሳቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ስለ ራሴ ልንገራችሁ። ማቴዎስ እባላለሁ፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አለቃዬ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታምሩ ነበር። ከአብዮቱ በፊት አናጢ የነበረ፣ ግዙፍ፣ ልቡ ደግ፣ ወገቡ ላይ ግን ሽጉጥ ያለው ሰው ነው። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስብሰባ ይጠራል፤ ሦስት ተኩል ይመጣል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነበር። ጋሽ በኃይሉ በተገኙበት የመጀመሪያ ስብሰባ ግን ጓድ ታምሩ ገና ከመግባቱ ከኋላ ወንበር ተነሱ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ ዘግይተዋል። ምክንያቱ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።»

አዳራሹ ውስጥ ዝንብ እንኳ ክንፏን የሰበሰበች መሰለኝ። በዚያ ዘመን ሊቀመንበርን ለምን ዘገየህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ ከበላይ የመጣ ነው፣ ወይ ሊሄድ የተዘጋጀ ነው። ጓድ ታምሩ ሽማግሌውን አየ። እኔን አየ። ጣሪያውን አየ።

«የብስክሌቴ ጎማ ተንፍሶብኝ ነው» አለ።

«ይመዝገብ» አሉ ጋሽ በኃይሉ፤ ተቀመጡ።

መዘገብኩት። በዚያ ዓመት ቃለ ጉባኤያችን ውስጥ ከገባው ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መከራዬ ልምጣ። በ1975 መጨረሻ ላይ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ጋሽ በኃይሉ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ወፋፍራም ደብተሮች ይዘው ቢሮዬ ገቡ። «የጨፌ ጣቢያ ታሪክ፣ ከምሥረታዋ እስከ ዛሬ» ይላል ሽፋኑ። በጽሕፈት መኪና እንድጽፍላቸው ነው። ሃያ ገጽ ቢሆን ነው ብዬ እሺ አልኩ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ ባቡሩ ገና አልመጣም ነበር። ሣሩን ማን ያግጥበት እንደነበር ነው የምጽፈው።

ከዚያ ባቡሩ መጣ፤ አለመምጣቱ ይሻል ነበር። የመጀመሪያው የጣቢያ ሹም ፈረንሳዊ ነበር፤ ባርኔጣውን ላም በላችበት፤ ይህ ሦስት ገጽ ነው። በ1938 ዓ.ም. አንድ በሬ ከባቡር ጋር ተጋጠመ። «በሬው ሞተ» ብዬ ጽፌ ልዘጋው ስል ጋሽ በኃይሉ እጄን ያዙኝ። «ባቡሩም አርባ ደቂቃ ዘግይቷል። ለበሬው ፍትሕ እንስጠው» አሉ። ሌላ ሁለት ገጽ። በመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ስለተወለደች ሕፃን፣ ስለ ውኃ ማጠራቀሚያው ብሎኖች ብዛት፣ ዘወትር ከባቡሩ ወደ ኋላ ስለሚቀር አንድ ሣር ሻጭ ሙሉ ምዕራፍ።

በዚህ ላይ የቀበሌው ታይፕራይተር «ጨ» አይመታም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጣቢያቸው «ጠፌ» ሆና ስትወጣ ፊታቸው እንደ ኖራ ነጣ። ስለዚህ ተስማማን፤ እኔ በየቦታው ክፍት እተዋለሁ፣ እሳቸው እያንዳንዷን «ጨ» በገዛ እጃቸው በሰማያዊ ቀለም ይሞላሉ። አንዷን «ጨ» ለመጻፍ ከእኔ ግማሽ ገጽ የበለጠ ጊዜ ይወስዱ ነበር።

በየቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣሉ። ለመጥፋት ሞክሬ ነበር። አንድ ቀን ከፋይል ሣጥኑ ጀርባ ተደበቅሁ። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ «እንግዲህ ትናንት ያቆምነው የ1944ቱ ጎርፍ ላይ ነው» ብለው ለሣጥኑ ይተርኩለት ጀመር። ከሩብ ሰዓት በኋላ እግሬ ሲደነዝዝ ወጣሁ። «ጎርፉ አለቀ፤ አምልጦሃል። ከመጀመሪያው ልድገምልህ?» አሉኝ።

እንዲህ እያልን ስልሳኛው ገጽ አካባቢ፣ በምሥራቅ በኩል ጦርነት የነበረበት 1969 እና 1970 ላይ ደረስን። እዚያ ላይ ጋሽ በኃይሉ መተረክ ትተው ከደብተራቸው ማንበብ ጀመሩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፤ ሌላ ምንም የለም። እኔ ደስ አለኝ፤ ቁጥር ቶሎ ያልቃል። ምን እንደሆነም አልጠየቅሁ።

የቀረውን ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝ። የወሩ መጨረሻ ነበር። ስለ ጽዳት ዘመቻችንና ስለ መሠረተ ትምህርት የሚናገረውን ወርኃዊ ሪፖርት አያይዤ ወደ በላይ አካል ላክሁ። ምሳ ደርሶብኝ ስቸኩል፣ ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ከጋሽ በኃይሉ ገጾች አንዷ ከሪፖርቱ ጋር ተያይዛ ሄዳለች።

በሦስተኛው ቀን ላንድሮቨር በራችን ላይ ቆመች። ከውስጧ ጓድ አምሳሉ የሚባል ቀጭን ወጣት ካድሬ፣ ቦርሳውን በብብቱ ይዞ ወረደ። ሰላምታ አልሰጠም። ገጿን አውጥቶ አነበበልን።

«‹ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡20። ፉርጎ 22። ሰው በግምት 900። ቆይታ 11 ደቂቃ። ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡05። ፉርጎ 26። ሰው በግምት 1,100። ቆይታ 9 ደቂቃ። አልበቃም።›» ቀና አለ። «ይህ የጦር እንቅስቃሴ ነው። በእናንተ የጽዳት ሪፖርት ውስጥ ምን ይሠራል? ማን ነው የጻፈው?»

ያን ጊዜ ሰው ከዚህ ባነሰ ወረቀት ሄዶ ሳይመለስ ቀርቷል። ጓድ ታምሩ ላብ በላብ ሆኗል። ጋሽ በኃይሉ በሰዓታቸው፣ ሰባት ተኩል ላይ፣ በሩን ከፍተው የገቡት ያን ጊዜ ነው። ካድሬው እጅ ላይ ያለችውን ወረቀት አዩ።

«ገጽ ስልሳ አንድ» አሉ። «ስፈልጋት ነበር። እኔ ነኝ የጻፍኳት።»

«በመኪና የመታትስ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔው ነኝ። ይህ ልጅ ምሳ ሲወጣ እየገባሁ እመታለሁ። እሱ አያውቅም።»

ጋሽ በኃይሉ ታይፕራይተር ነክተው አያውቁም። ጓድ ታምሩም ይህን ያውቃል። ካድሬው ወረቀት አስገባና «እስቲ ‹ባቡር› ብለው ይምቱልኝ» አለ። ሽማግሌው ወንበሩን አስተካከሉ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ አንድ ጣታቸውን ዘርግተው ፊደሎቹ ላይ ማዞር ጀመሩ። አንዴ መቱ። ፈለጉ። ደግመው መቱ። ሲጨርሱ ወረቀቱ ላይ «በበረ» የሚል ነበር።

ካድሬው ገጿን አየ፤ «በበረ»ን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። ረጅም ጊዜ።

«ሰው ሲያየኝ እጄ ይተሳሰራል» አሉ ጋሽ በኃይሉ፣ ያለ አንዳች ኀፍረት።

«እውነታቸውን ነው ጓድ» አለ ጓድ ታምሩ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «እኔም ሰው ካየኝ መፈረም ያቅተኛል።»

ካድሬው ገጿን ወደ መስኮቱ ይዞ በየቀኑ አናት ላይ የተጻፈውን «ጨፌ» መረመረ። «እነዚህ ‹ጨ›ዎች በእጅ ነው የተጻፉት» አለ። እስክሪብቶ አቀበላቸው። «‹ጨ› ይጻፉ።» ጋሽ በኃይሉ በዕድሜያቸው ሙሉ ለዚህች ፊደል ሲዘጋጁ የኖሩ ይመስል ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ አሳምረው ጻፏት። ቁርጥ አንድ ነበረች። ካድሬው እኔን ማየት ተወ።

«ደህና። ይህን ለምን እንደጻፉ ያስረዱኝ» አለ።

የጋሽ በኃይሉ ፊት በራ። አምላኬ፣ እንዲህ ሲበራ አይቼው አላውቅም። በሕይወታቸው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ስለ ጨፌ ጠየቃቸው። ያውም በመንግሥት ሥልጣን።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። «ለመመለስ ግን ከሣሩ መነሳት አለብን።»

«ከ1969 ብቻ ይንገሩኝ።»

«እንዲህማ አይሆንም ጓድ። ባቡር ከመሃል አይነሳም።»

ካድሬው በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ገጽ ማስታወሻ ያዘ። ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ፈረንሳዊው ገና ባርኔጣውን አልተበላም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ በኃይሉ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ከካድሬው ቀድመው ተገኙ። በዚያ ቀን ካድሬው እስክሪብቶውን ወደ አራት ሰዓት ገደማ አስቀመጠ። በሬው ላይ ሲደርሱ አገጩን በመዳፉ ደገፈ። በ1944ቱ ጎርፍ ዓይኑ ተከደነ። ጋሽ በኃይሉ ጠረጴዛውን በጣታቸው ቆርቆር አድርገው «ጓድ፣ ይሄ ለምርመራው ይጠቅምዎታል» እያሉ ይቀሰቅሱታል። ጓድ ታምሩ ሳቁን ለመደበቅ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ 1969 እየቀረበ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱበት። ካድሬው ነቃ፤ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ለምን ቆጠሩ?»

ጋሽ በኃይሉ በጥያቄው የተገረሙ መሰሉ። «ስንት እንስራ ውኃ እንደምናቀርብ ለማወቅ ነዋ። ፉርጎው ብረት ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ልጆቹ ቆመው ነው የሚሄዱት። ሌላ ባቡር እስኪያልፍ ጨፌ ላይ ይቆሙ ነበር። ሚስቴ ሙሉመቤት የሰፈሩን ሴቶች አስተባብራ እንስራ እያሸከመች ታመጣለች። በአሥራ አንድ ደቂቃ ዘጠኝ መቶ ሰው ይጠጣል። በዘጠኝ ደቂቃ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰው አይጠጣም። ሞክረናል።»

«‹አልበቃም› ያሉት…»

«ውኃው ነው፤ ደቂቃውም ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፉርጎዎች ሳይጠጡ ሄዱ። የፉርጎዎቹን ቁጥር ይዤ፣ በሚቀጥለው ጣቢያ እንዲያጠጧቸው ስልክ ደወልኩ። የሚያነሳ አልነበረም። ደግሜ ደወልኩ።» ወደ ገጿ ጠቆሙ። «ስለዚህ ጻፍኩት። ሌላ ምን ላድርግ?»

ካድሬው የሚጽፍ መስሎ እስክሪብቶውን አነሳ፤ አልጻፈም። ከውጭ የጋሪ ደወል ይሰማል። በመጨረሻ ተነሳ። ሁለቱን ደብተሮችና የተመቱትን ገጾች በሙሉ ሰብስቦ በሲባጎ አሠረ።

«ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል» አለ። «ጽሑፉ ግን ይወረሳል። ከእንግዲህ ስለ ባቡር እንዳይጽፉ።»

«እኔ ስለ ባቡር አልጻፍኩም፤ ስለ ጣ—»

ጓድ ታምሩ ያን የአናጢ እጁን ትከሻቸው ላይ ጭኖ አስቀመጣቸው። ላንድሮቨሯ ሄደች። ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው ግራ ገብቶኝ ቆሜ ስንተባተብ ሽማግሌው በሩ ላይ ዞር አሉ። «ያቺን ‹ጨ› አሠራት» ብለውኝ ወጡ።

በማግሥቱ ሰባት ተኩል ላይ አልመጡም። በሳልስቱም አልመጡም። እግዚአብሔር በስንት ልመናዬ ጸጥታ ሰጠኝ፤ እኔ ግን ሰባት ተኩል ሲሆን በሩን በሩን ማየት ጀመርኩ። የጠሀ ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ፤ ጠሀ በርጩማውን አይቶ ይተክዛል። ጋሪዎቹ እንደፈለጉ ይነሳሉ፤ ወይዘሮ ገበያነሽ ይህንንም ትረግማለች። በእሑዱ ስብሰባ ጓድ ታምሩ እንደ ልማዱ ሦስት ተኩል ላይ ገብቶ ወደ ኋላ ወንበር አየ። የሚጠይቀው ጠፋ። «ሰንሰለቱ ወልቆብኝ ነው» አለ ለማንም ሳይሆን፤ አቀርቅሮ ተቀመጠ።

ከዚያ እህተማርያም ቢሮዬ መጣች። ነርስ ናት፤ በቀላሉ አትደነግጥም። «ማቴዎስ፣ አባቴ ምሳ ስንት ሰዓት ነው ብሎ መጠየቅ ተወ» አለችኝ። «ባቀርብለት ይበላል፤ ባላቀርብለት ዝም ነው። የኪስ ሰዓቱን ትናንት ሳየው ቆሟል። አልሞላውም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰላም አልኳቸው፤ በአንገታቸው መለሱ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማጽናናት አልችልበትም፤ ስለዚህ የምችለውን አደረግሁ።

«ጋሽ በኃይሉ» አልኩ፤ «የጣቢያው በር ወደ ምዕራብ ነበር የሚከፈተው፣ አይደል?»

ግራ ቅንድባቸው ተነቃነቀ።

«በሩ ላይ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ግራሮች ነበሩ።»

የወንበሩን መደገፊያ ጨበጡ።

«ደወሉም ስንጥቅ ስለነበረ ድምፁ እስከ መንደሩ አይደርስም ነበር፤ እንደነገሩኝ።»

«ማን ነው ስንጥቅ ያለህ!» ብለው ብድግ አሉ። ጎረቤት በአጥር ብቅ አለ። «ስንጥቅ! የጨፌን ደወል! ከብት የጠፋበት ሰው ከሁለት ወንዝ ማዶ ሰምቶ ነው ሰዓቱን የሚያውቅበት! በሩ ወደ ሰሜን ነው! ዛፉ ሦስት ባሕር ዛፍ ነው! ግራር ይለኛል! አንድ ዓመት ሙሉ ፊቴ ተቀምጠህ ምን ስትሰማ ነበር አንተ?»

«ምንም አልሰማሁም» አልኩ። ከጃኬቴ ውስጥ አዲስ ደብተር አወጣሁ። «ስለዚህ ቀስ እያሉ ይንገሩኝ።»

ውሸቴን ነው። ሁሉንም ሰምቼ ነበር። መጻፍ ስንጀምር የፈረንሳዊውን ባርኔጣ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ጨርሼው ተገኘሁ፤ የብሎኖቹን ብዛት ከእሳቸው ቀድሜ ተናገርኩ፤ በጎርፉ ላይ አንድ ቀን ተከራክረን እኔ ልክ ሆኜ ተገኘሁና ለሳምንት ተኳረፍን። አራት ወር፣ በየቅዳሜው፣ በእጅ፣ በበረንዳው ላይ። እህተማርያም በሩ ላይ ቆማ የምትጠብቅልን መስላ ታዳምጣለች። እሷም ይህን ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ነው፤ እንዲያም ሆኖ በሬው ሲሞት ሁልጊዜ ትስቅ ነበር።

1969 ላይ ስንደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ይህን ብንዘለውስ?» አልኳቸው።

«ሌላውን ሁሉ ዝለለው ከፈለግህ» አሉ። «ይህ አይዘለልም።»

«ጋሽ በኃይሉ፣ ዳግመኛ ቢያገኙት እርስዎ ብቻ አይደሉም። እህተማርያም አለች።» እኔም አለሁ አላልኩም፤ ገብቷቸዋል። ወደ ልጃቸው አዩ። ቁጥሮቹን በቃላቸው እንደሚያውቋቸው አውቃለሁ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«እሺ፤ አንተው ጻፈው» አሉኝ በመጨረሻ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፌ አነበብኩላቸው። «በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጣቢያዋ ሥራ በዝቶባት ነበር።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ደግመው ጠረጉት። ደብተሩን ከእጄ ወስደው ዓረፍተ ነገሯን ለብቻቸው አነበቧት። መለሱልኝ።

«‹በጣም› የምትል ጨምርበት» አሉኝ።

ጨመርኩ።